የድሮ መኪና ሞተር ሲሞቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሮጌ ላዳ፣ ፊያት፣ ፔጆ ወይም ቮልስ ካላችሁ ይህ ገጽ ለእናንተ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «መኪናዬ ይሞቃል፣ ምን ልቀይር?» ብሎ ነው። እኔ የምለው ደግሞ ለጊዜው ምንም አትቀይሩ፣ መጀመሪያ መቼ እንደሚሞቅ እወቁ ነው። ራዲያተር ተቀይሮ፣ የውሃ ፓምፕ ተቀይሮ፣ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተሩ ራስ) ሳይቀር ወርዶ፣ መጨረሻ ላይ ችግሩ የራዲያተር ክዳን ሆኖ ይገኛል። ይሄ ነገር ያናድደኛል። የእነዚህ መኪኖች ኦሪጅናል ዕቃ ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የተፈታ ሞተር ደግሞ እንደ ድሮው ተመልሶ አይገጠምም።

መንገድ ላይ እንፋሎት ማውጣት ጀመረ። አሁኑኑ ምን ላድርግ?

ዳር ይዛችሁ ቁሙ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ መንዳት ቴስታታ የሚያጣምመው እዚያች ትንሽ መንገድ ላይ ነው።

የሙቀት መለኪያው (ጌጁ) ወደ ቀዩ እየተጠጋ ከሆነና እንፋሎት ገና ካልወጣ አንድ ዕድል አላችሁ። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ሂተር የራሱ ትንሽ ራዲያተር ስላለው ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንሳል፤ እናንተን ያልባችኋል ግን ሞተሩን ሊያተርፍ ይችላል። ከቆማችሁ በኋላ ነዳጁን ትንሽ ረገጥ አድርጋችሁ ሞተሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ አድርጉት፣ በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) የሚዞር ፋን ከሆነ ፋኑም ፓምፑም ይፈጥናሉ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልወረደ፣ ወይም እንፋሎት ከወጣ፣ ወይም ከሥር ውሃ ከፈሰሰ አጥፉት።

ክዳኑን አትክፈቱ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ የሚሻለው አርባ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ የላይኛውን ማኒኮቶ (ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን ወፍራም የላስቲክ ቱቦ) በጨርቅ ይዛችሁ ጫን አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው፣ ቆዩ። ሲለሰልስ ወፍራም ጨርቅ ክዳኑ ላይ አድርጋችሁ፣ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ፣ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ፍቱና እንፋሎቱ ይውጣ። በፈላ ራዲያተር ፊቱና እጁ የተቃጠለ ሰው ብዙ ነው።

ውሃ የምትጨምሩትም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ በቀስታ። ውሃው አልቆበት የጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ፣ ወይም ከላይ ሞተሩ ላይ ማፍሰስ፣ የአሉሚኒየም ቴስታታን ይሰነጥቃል። ላዳም፣ ፔጆ 404ም፣ 504ም ቴስታታቸው አሉሚኒየም ነው።

በእርግጥ ሞቋል ወይስ ጌጁ ነው የሚዋሸው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበትም ይሄ ነው። የሃምሳ ዓመት ጌጅ ሊዋሽ ይችላል። በብዙዎቹ የድሮ መኪኖች ላይ የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ስትነቅሉ መርፌው ወደ ቀዝቃዛው መውረድ አለበት። ሽቦው ተነቅሎም መርፌው ቀዩ ላይ ከቀረ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ነክቷል ወይም ጌጁ ራሱ ተበላሽቷል፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም።

ከተቻለ ደግሞ ከርቀት ሙቀት የምትለካዋን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ግዙ ወይም ተዋሱ። ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚልከው በር) ያለበትን ቤት ለኩበት። 85 ወይም 90 ዲግሪ እያለ ጌጁ ቀይ ካሳየ፣ ጌጁን አስተካክሉ።

ተቃራኒው ግን አደገኛ ነው። ሴንሰሩ በትክክል የሚሠራው ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራል፣ መርፌውም ሊወርድ ይችላል። ሲወጣ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት የወደቀ መርፌ «ቀዘቀዘ» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ወዲያው ቁሙና የውሃውን መጠን እዩ።

መቼ እንደሚሞቅ ማወቁ ምን ይጠቅመኛል?

ዋናው ሥራ እሱ ነው። ሞተር በዘፈቀደ አይሞቅም።

ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ የሚሞቅ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ትንሽ ሲሮጥ ግን ወደ ቦታው የሚመለስ መኪና የጎደለው አየር ነው። መኪናው ሲሄድ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩ ውስጥ ይገባል፣ ሲቆም ግን ያለው ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋኑን፣ ቺንጋውን፣ ፋኑን የሚከበውን ሽፋን ተመልከቱ።

ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ረጅም ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ደግሞ አየር ሳይሆን የውሃ ዝውውር ነው የሚያንሰው። የተደፈነ ራዲያተር፣ ያረጀ ፓምፕ፣ ውስጡ የሚጣበቅ የታችኛው ማኒኮቶ። ታይሚንግ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት የሚነሳበት ጊዜ) ወደኋላ የቀረ ከሆነም እንዲሁ ያደርጋል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም።

ጠዋት ተነስቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ከሆነ ዝግ የቀረ ቴርሞስታት፣ ሲስተሙ ውስጥ የታፈነ አየር፣ ወይም የተበላ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማሸጊያ) ነው።

ሲነዳ ምንም ሳይል ከጠፋ በኋላ የሚንተከተክና ውሃ የሚተፋ ከሆነ መጀመሪያ ክዳኑን ጠርጥሩ። ሞተር ሲጠፋ ፓምፑም ፋኑም ይቆማሉ፣ ብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ወደ ውሃው መውጣቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ ይጨምራል። ጤነኛ ክዳን ይሄን ይችለዋል። የደከመ ክዳን ግን ውሃውን ያስተፋል፣ በማግስቱ ውሃው ጎድሎ ትነሳላችሁ፣ ያኔ ሞተሩ እውነትም ይሞቃል፤ መካኒኩም የሚያየው ይሄን ሁለተኛውን ችግር ነው።

ወደ መካኒክ ስትሄዱ «ይሞቃል» ብቻ አትበሉት። መቼ፣ የት፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ውሃ ይጎድላል አይጎድልም የሚለውን ጽፋችሁ ስጡት።

የራዲያተር ክዳን እንዲህ ያን ያህል ያመጣል?

ያመጣል፣ በተለይ እኛ አገር።

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፣ ንጹሕ ውሃም 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። አሁን የላዳን ቴርሞስታት አስቡ፤ 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 94 አካባቢ ሲደርስ ነው። ይህ ማለት ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ሞተሩ በጤነኛ የሥራ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ምንም ያልተበላሸ ሞተር አዲስ አበባ ላይ በክዳን ብቻ ያፈላል።

ክዳኑ የሚሠራው ልክ እንደ ፕሬዠር ድስት ነው። 0.5 ባር የሚይዝ ክዳን እዚህ ከፍታ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 106 ዲግሪ ያወጣዋል። ከ92 ወደ 106! ይሄን ልዩነት የሚሰጣችሁ አንድ ላስቲክና አንድ ስፕሪንግ ናቸው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ክዳኑን አውጥታችሁ እዩት። ላስቲኩ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ አለቀለት። ስፕሪንጉ በጣት ሲጫኑት ያለ ምንም ትግል የሚገባ ከሆነም እንዲሁ። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ሳብ ሲያደርጓት ተከፍታ መመለስ አለባት፤ እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ማኒኮቶዎቹ ተጨማደው ታገኟቸዋላችሁ። የራዲያተሩን አንገትም በጣታችሁ ዳስሱ፣ ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ከተጎረደ አዲስ ክዳንም አይይዝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ጠንካራ ክዳን ይሻላል» ብሎ ከአዲስ መኪና ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ ክዳን መግጠም አለ። አታድርጉት። የድሮው ራዲያተርና የሂተሩ ራዲያተር ለዚያ ግፊት አልተሠሩም፣ ብየዳቸው ይከፈታል። ለመኪናው የተባለውን ቁጥር ብቻ ፈልጉ፤ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ውስጥ፣ ስትገዙም ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና የላስቲኩን ቁመት ከአሮጌው ጋር አስተያዩ።

ቴርሞስታቱን አውጥቼ ብጥለውስ? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሁሉም ማድረጉ እውነት ነው፣ ልክ መሆኑ ግን አይደለም። የላዳው ቴርሞስታት ሁለት በር አለው፤ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ወደ ራዲያተር ሳይልክ በአጭሩ መንገድ ወደ ፓምፑ ይመልሳል፣ ሲሞቅ ያንን አጭር መንገድ ዘግቶ ወደ ራዲያተር ይልካል። ውስጡን አውጥታችሁ ባዶውን ስትገጥሙት አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። የፈላ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። እንዲቀዘቅዝ ብላችሁ ያደረጋችሁት ነገር ዳገት ላይ ያሞቀዋል።

በአዲስ አበባ ጠዋት ደግሞ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ቤንዚኑ በደንብ ሳይቃጠል ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ሲሊንደርና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይበላል። አሁን ምንም አይታይም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ዘይት መብላት ይጀምራል።

ከጠረጠራችሁት ፈትኑት። ድስት ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ፣ የድስቱን ታች እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥላችሁ አሙቁትና መከፈቱን እዩ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ቴርሞስታት ላይ የተጻፈው ቁጥር መከፈት የሚጀምርበት ነው። 88 የሚል ቴርሞስታት አዲስ አበባ ላይ የሚፈላ ድስት ውስጥ ትንሽ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ምክንያቱም ውሃው ከ92 ብዙም አያልፍም። «አይከፈትም» ብላችሁ ደህናውን እንዳትጥሉት።

የቧንቧ ውሃ በቂ አይደለም? እኛ አገር እኮ በረዶ የለም።

ኩላንት (ውሃው ላይ የሚጨመረው ፈሳሽ) ለበረዶ ብቻ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኩላንት ዝገት ይከላከላል። በአንድ ሞተር ውስጥ የብረት ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል)፣ የአሉሚኒየም ቴስታታ፣ የመዳብና የነሐስ ራዲያተር አንድ ውሃ ይጋራሉ፤ መከላከያ ከሌለው እርስ በርስ ይበላላሉ። ከብሎኩ የሚወርደው ዝገት ተሰብስቦ የሚያርፈው ራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ላይ የምታዩት ዓይነት ነጭ ድንጋይ ሞተሩ ውስጥም ይጋገራል።

ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ አድርጉ። ግማሽ በግማሽ ሲሆን የመፍያ ነጥቡንም ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ከላይ እንዳልኩት አዲስ አበባ ላይ እያንዳንዱ ዲግሪ ዋጋ አለው። ኩላንት ብቻውን አትሙሉ፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያንሳል። የተጣራ ውሃ ካጣችሁ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከቧንቧ ውሃ ይሻላል።

ራዲያተሩ መደፈኑን ሳይፈታ እንዴት አውቃለሁ?

ሞተሩን በደንብ አሙቁትና አጥፉት። በዚያ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የራዲያተሩን ፊት ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለኩ። ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ከአጠገቡ ጋር የማይመሳሰል፣ ድንገት የቀዘቀዘ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ውሃ አያልፍም። መሣሪያው ከሌለ ፋኑ መቆሙን አረጋግጣችሁ እጃችሁን ጠጋ አድርጋችሁ ታውቁታላችሁ። የኤሌክትሪክ ፋን ያለው መኪና ከሆነ ግን ባትሪውን ንቀሉ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል።

የውጭውን መደፈንም አትርሱ። አቧራ፣ ጭቃ፣ ነፍሳት፣ የተጣጠፉ ክንፎች። ውሃ የምትረጩት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ነው፣ በከፍተኛ ግፊት ሳይሆን በተለመደው ጎማ፤ አለበለዚያ ክንፎቹን ታጥፏቸዋላችሁ።

ራዲያተር ሠሪ ዘንድ ስትወስዱት ስንት ቱቦ ደፍኖ እንደበየደ ጠይቁት። የሚያፈስ ቱቦን በብየዳ መዝጋት የተለመደ ነው፣ አንድ ሁለት ቱቦ ችግር የለውም። በየዓመቱ ሲደፈን ሲደፈን ኖሮ ሩቡ የተዘጋ ራዲያተር ግን ምንም ባያፈስም ዳገት አይችልም። የነሐስ ራዲያተር ከሆነ ላይና ታቹ ተከፍቶ ቱቦዎቹ በዘንግ ሊጸዱ ስለሚችሉ፣ ላይና ታቹ ፕላስቲክ ለሆነ አዲስ ራዲያተር ብላችሁ አትጣሉት። እኔ ብሆን አሮጌውን ነሐስ አስጸድቼ ነው የምገጥመው።

ፓምፕ፣ ቺንጋ፣ ማኒኮቶ፤ ከየት ልጀምር?

ከቺንጋው። በሁለቱ መዘውሮች መሃል በአውራ ጣት ስትጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ገባ ካለ ደህና ነው። የሚያብረቀርቅ ቺንጋ እየተንሸራተተ ነው። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑን ይዛችሁ ወደፊት ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንቀጠቀጠ የፓምፑ ኩሽኔታ አልቋል። ከፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ካንጠባጠበች ፓምፑ እየነገራችሁ ነው፤ ቀዳዳዋን ደፍናችሁ አትሸውዱት።

የታችኛው ማኒኮቶ ተንኮለኛ ነው። ፓምፑ ውሃ የሚስበው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ ካረጀና ከለሰለሰ ሞተሩ ሲፈጥን ተጨማዶ መንገዱን ይዘጋል። ሚኒሞ ላይ ስታዩት ደህና ነው። አንድ ሰው ነዳጁን እየረገጠ እናንተ ከላይ ተመልከቱት፣ ሲጨማደድ ካያችሁ አገኛችሁት።

የፋኑ ነገር አጭር ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ አንድ ወረቀት ከፊት በኩል ራዲያተሩ ላይ አስጠጉ፣ መያዝ አለበት። በደካማው ብቻ ከያዘ ፋኑ ተገልብጦ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ሆኖ ከገፋው ደግሞ ሽቦው ተገላቢጦሽ ተያይዟል። ይሄ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል። ፔጆ 404 ያላችሁ ደግሞ ፋኑ ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ የሚያያዝ መሆኑን አስታውሱ፤ ባዶውን ሲዞር አይታችሁ «ይሠራል» እንዳትሉ።

ታይሚንግ ከሙቀት ጋር ምን አገናኘው?

እሳቱ ዘግይቶ ከተነሳ ቤንዚኑ ፒስተኑን ከመግፋት ይልቅ ወደ ጭስ መውጫው እየነደደ ይወጣል። ያ ሙቀት የቴስታታውን የጭስ ቀዳዳዎች ያግላል፣ ከዚያ ወደ ውሃው ይገባል። መኪናው ጉልበት ያጣል፣ እናንተ የበለጠ ትረግጣላችሁ፣ የበለጠ ይሞቃል። ፕላቲን (እሳቱን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ መገናኛ) ሲበላ ታይሚንጉም ይንሸራተታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፕላቲኑን አስተካክሉ፣ ቀጥሎ ታይሚንጉን በመብራት አስለኩ። በጆሮ ብቻ አይሆንም። እሳቱን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ በቫኪዩም የምትሠራ ሳህን ካለች ደግሞ ቱቦዋን ነቅላችሁ በአፍ ሳቡና አየር ትይዝ እንደሆነ ሞክሩ፤ ከተቀደደች መኪናው በተስተካከለ ፍጥነት ረጅም መንገድ ሲሄድ ይሞቃል።

ፍሬን ይዞ የሚቀር ከሆነም ሞተር ይሞቃል። ከመንገድ ስትመለሱ አራቱንም ጎማ ዳስሱ።

መካኒኩ «ቴስታታ ይውረድ» አለኝ። ልፍቀድ?

ማስረጃ ጠይቁት። የተበላ ጓርኒሲዮን ምልክት አለው፣ ሳይፈታም ይታወቃል።

ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ክፈቱ፣ ውሃው እስከ አፉ ይሙላ፣ አስነሱት። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢታይ የታፈነ አየር ሊሆን ይችላል። ሳያቋርጥ የሚቀጥል፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚጨምር አረፋ ግን የጭስ ጋዝ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ደግሞ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ ማኒኮቶው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ያው ነው። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጥታችሁ እዩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የጸዳ ከመሰለ እዚያ ውሃ ገብቷል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ የሚይዙትን ግፊት) አስለኩ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ጓርኒሲዮኑ መሃላቸው ላይ ተበልቷል።

የዘይት ማስገቢያው ክዳን ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ወዲያው አትደንግጡ። በክረምት አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት ብቻ ይመጣል። የዘይት መለኪያው ብረት ላይም ያው ከሆነ ግን ሞተሩን አታስነሱት።

ማስረጃው ካለ ይውረድ። ያኔም ቶርኖ ቤት ተወስዶ መጣመሙ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያ መለካት አለበት፣ ሳይለካ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መመለስ ብርም ጊዜም ማባከን ነው። ፔጆ 404 እና 504 ላይ ሲሊንደሮቹ ከብሎኩ የሚወጡ ናቸው፣ በውሃ የተከበቡ። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ሞተሩን ማዞር ሲሊንደሮቹን ከመቀመጫቸው ያነሳቸዋል፣ ከሥር ያለው ማሸጊያ ይከፈትና ውሃ ወደ ዘይት ይወርዳል። መካኒካችሁ እነሱን በምን ይዞ እንደሚሠራ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ።

ቮልስ ውሃ የለውም። እሱስ ይሞቃል እንዴ?

በደንብ ነው የሚሞቀው፣ ያውም ዝም ብሎ። ጌጅ የለውም፣ እንፋሎት አያወጣም። ምልክቱ የጉልበት ማጣት፣ ዳገት ላይ ማንኳኳት፣ የዘይት መብራት ሚኒሞ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት፣ ትኩስ ሆኖ ሲጠፋ ወዲያው አልነሳም ማለት ነው።

ቮልስን የሚያቀዘቅዙት አየርና ዘይት ናቸው። ፋኑ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ስላለ ያ አንድ ቺንጋ ሁለቱንም ያዞራል። እየነዳችሁ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ «ባትሪ አይሞላም፣ ቤት ድረስ ይወስደኛል» አትበሉ። ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት ማቀዝቀዣው ሙሉ በሙሉ ቆሟል። ወዲያው አጥፉ። መለዋወጫ ቺንጋና መፍቻ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይኑር።

የቮልስ ትልቁ በሽታ ግን የጠፉ ቆርቆሮዎች ናቸው። ሞተሩን የሚከቡት ቆርቆሮዎችና ዙሪያውን የሚዘጋው ላስቲክ ለማማር የተገጠሙ አይደሉም። ከሥር ያለውን የጋለ አየር ከላይ ካለው ቀዝቃዛ አየር የሚለዩት እነሱ ናቸው። አንድ ጋራዥ ሞተር አውርዶ ሲመልስ «ይሄ ምንም አይሠራም» ብሎ ጥግ የወረወረው ቆርቆሮ ስንት ሞተር አበላሽቷል። ላስቲኩ ተቀዶ ከሆነ ፋኑ የራሱን ሙቀት መልሶ ይስባል። ጨርቅና ቅጠልም ይስባል፤ ሞተሩ ቤት ውስጥ ጨርቅ አታስቀምጡ።

ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር ቢጎድል አንድ አምስተኛው ጠፋ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ በየሳምንቱ እዩት። ቫልቩንም አስተካክሉ፤ በብዙዎቹ 1300፣ 1500 እና 1600 ሞተሮች ላይ ክፍተቱ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ 0.15 ሚሊሜትር ነው። የጠበበ ቫልቭ መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ሙቀቱን አያስተላልፍም፣ ይቃጠላል። ሦስተኛው ሲሊንደር በተለይ ይጠቃል፤ በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩ መንገድ ላይ ስለቆመ የሚደርሰው አየር አነስተኛ ነው።

ጌጁ ደህና ነው፣ ግን በሙቀት ሰዓት ሞተሩ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ይሄስ?

ይሄ የቤንዚን ጉዳይ ነው፣ የውሃ አይደለም። ቤንዚኑ ፓምፑ ወይም ቱቦው ውስጥ ተኖ ካርቡራቶር አይደርስም። ከፍታ ላይ ቤንዚንም እንደ ውሃው ቀድሞ ይተናል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ካቀዘቀዛችሁት በኋላ ምንም እንዳልሆነ ከተነሳ እሱ ነው። የቤንዚኑ ቱቦ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ አርቁት፣ በፓምፑና በሞተሩ መሃል ያለው ወፍራም ማገጃም መኖሩን አረጋግጡ።

ውሃ ከቀየርኩ በኋላ ነው መሞቅ የጀመረው።

አየር ታፍኖበታል። አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁሙት፣ የሂተሩን ቧንቧ ክፈቱ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱትና ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ እየሞላችሁ ጠብቁ። ላዳ ከሂተሩ ጋር ወደ አሥር ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ስድስት ሊትር ብቻ ገብቶ «ሞላ» ካለ አልሞላም።

ዓባይ በረሃን በአሮጌ መኪና መውጣት ይቻላል?

ይቻላል፣ ድሮም በእነዚሁ መኪኖች ነበር የሚወጣው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ከዚያም ያንኑ ያህል ዳገት ነው፤ ታች ድልድዩ ጋ ደግሞ ሙቀቱ ከላዩ ጋር አይገናኝም። በጠዋት ውረዱ። ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቃችሁ አትውጡ፣ አንድ ማርሽ ቀንሱ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ፓምፑና ፋኑም ይፈጥናሉ፣ በእያንዳንዱ ምት የሚሸከመው ጭነትም ይቀንሳል። ጌጁ ከተለመደው ቦታ ከፍ ማለት ሲጀምር ሂተሩን ክፈቱ፣ ቀዩ ጋ እስኪደርስ አትጠብቁ። አሥር ሊትር ውሃና መለዋወጫ ቺንጋ ያዙ።

የሚያፈስ ራዲያተር ውስጥ እንቁላል ወይም በርበሬ መጨመር ይሠራል?

ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ጤነኞቹን ቱቦዎችና የሂተሩን ራዲያተርም አብሮ ይደፍናል። ማኅተም የሚባሉት ፈሳሾችም ብዙም አይሻሉም። በረሃ መሃል ሌላ አማራጭ ካጣችሁ እሺ፣ ግን ከተማ በገባችሁ ቀን ሙሉ ሲስተሙን አሳጥቡ።

አሮጌ መኪና ልገዛ ነው። የሙቀት ችግር እንዳለበት እንዴት ልወቅ?

ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቃችሁ ለሻጩ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ክዳኑን ክፈቱና የውሃውን ቀለም እዩ፤ ቡናማ ውሃ ብዙ ይናገራል፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት ደግሞ ከዚያ የበለጠ። አስነሱት፣ አረፋውን ተከታተሉ። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት፣ ዳገትም ትራፊክም ይኑረው፣ ወደ እንጦጦ ብትወጡበት ጥሩ ነው። መርፌው በመንገድ ላይ እስከ መጨረሻው ከታች ካልተነሳ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቁ። ስትመለሱ አጥፉትና አሥር ደቂቃ አጠገቡ ቆማችሁ አዳምጡ፣ ከሥሩም እዩ። ስትደርሱ ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ ካገኛችሁት በሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ።